የጭቃው ንጉሥ በሬ

መጽሐፍ አሳትማችሁ የማታውቁ አንባቢዎቼ፣ ዕድለኞች ናችሁ። ቢያንስ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ እንዴት ናችሁ ይላችኋል። እኔን መጽሐፌ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ የሚለኝ ጠፍቷል። ወረታ ላይ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ስሄድ የሚያስቆመኝ ሁሉ ሰላምታውን ዘሎ፣ ያቺን ልጅ ለምን ጨለማ ውስጥ ጥለሃት ሄድክ ነው የሚለኝ። አጠገባችን ያለ የማያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያስባል? አንድ ቀን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሰምታ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ መስለህ ብላ ምራቂ ያደረገችልኝን ሽንኩርት መልሳ ወሰደችው።

መጽሐፉ «የጭቃው ዙፋን» ይባላል። ለወጣቶች የተጻፈ፣ ጨለማና አስማት የበዛበት ልብ ወለድ ነው። ክረምት የፎገራን ሜዳ ውሃ ሲሸፍነው ከውሃው በታች ሌላ አገር አለ። የዚያ አገር ገዥ የጭቃው ንጉሥ ነው፤ በበሬ ላይ ተቀምጦ እየወጣ የልጆችን ጥላ ይሰበስባል። ጥላዋን የተቀማች አንዲት ልጅ ልታስመልስ ወደ ታች ትወርዳለች። የቀረው ጨለማ ነው።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ የራሴን እተይባለሁ። አንድ ጠባይ አለኝ፤ ያላየሁትን መጻፍ አልችልም። የጭቃው ንጉሥ የለም፤ እሺ። ጭቃው ግን አለ። ስለዚህ ልጅቷ ወደ ታች የምትወርድበትን ምዕራፍ ስጽፍ ዱላ ይዤ ሜዳው ድረስ ሄጄ ጭቃው እስከ የት እንደሚውጥ ለክቻለሁ። እስከ ቅልጥም ነው። እንደዚያው ጻፍኩት።

አስተያየቱ ግን ዱላ የሚለካው አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨለማው አነሰ አሉኝ። አንዷ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ መሐል አካባቢ ያሉት ሁለት ምዕራፎች ውስጥ ማንም እንደማይሞት አስታወሰችኝ፤ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት ከእኔ አልጠበቀችም ነበር። ጓደኛዋ ደግሞ መጽሐፉን ካነበበች ወዲህ ኩሬ መዝለል ፈርታ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ዞራ ዞራ ነው፤ ማርፈዷን ለርእሰ መምህሩ እንዳስረዳላት ለመነችኝ። ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ አንድ መምህር፣ ውሃው ምንን እንደሚወክል ጠየቁኝ። ውሃ ነው አልኳቸው። ፈገግ ብለው፣ እሱማ ገብቶኛል፣ ግን ምንን ይወክላል አሉ። የተከራዩት ቤት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ክረምቱ ሲገባ ውሃው ራሱ ያስረዳቸዋል ብዬ ተውኩት።

እናቴ ጎረቤት አስነብባ ጨረሰችው። ቅሬታዋ አንድ ነው፤ እነዚያ ልጆች ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ምንም አይቀምሱም። አንድ ቁራሽ ዳቦ ብታስይዛቸው ምን ነበረበት አለችኝ። አስማት ውስጥ ናቸው ብላት፣ አስማት ሆድ ይሞላል ወይ ብላ አፌን አስያዘችኝ። የንስሐ አባቴ በበኩላቸው መጽሐፉን ልመርምረው ብለው ወሰዱት። ሲመልሱት ፊታቸው አልተፈታም። ጋኔኑ ንጉሥ በጠበል መሸነፍ ሲገባው በመስተዋት መሸነፉ አልጣማቸውም። ይቅርታ ጠይቄ፣ ለመሆኑ እስከ ስንት ድረስ አነበቡት ብላቸው፣ ሁለት ጊዜ መርምሬዋለሁ አሉኝ። ስሕተቱን ለይቶ ለማወቅ አንዴ ማንበብ አይበቃም።

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣኝ ከወረታ ወጣ ብሎ ያለው የቁሐር ሚካኤል መንደር ገበሬዎች አስተያየት ነው። እነሱ ስለ ጨለማው አንድ ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ በሬው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። ስመኝ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ሱቃችን መጣች። ኮፒው ጠቁሮ ወጣ። እንደገና አነሣሁት፤ እንደገና ጠቆረ። የማሽኑ ጥፋት አልነበረም፤ ክዳኑን ሳልዘጋ ነበር የማነሣው። ከዚያ ወዲህ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ ማስረጃ ቶሎ ቶሎ ኮፒ ያስፈልገው ጀመር።

አንድ ቀን አጎቴ ፈንቴ የሩዝ ዘር ሊጠይቁ ወደ ስመኝ አባት ወደ ጋሼ መኳንንት ቤት ሲሄዱ ተከትዬ ሄድኩ። መቼም ሰው ቤት ገብቶ የሰው ሴት ልጅ ላይ ማፍጠጥ አይቻልም። ዓይን ደግሞ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። የእኔ ያረፈው ደጃፍ ላይ የታሰረው በሬ ላይ ነው። አጎቴና ጋሼ መኳንንት ስለ ዘር ሲጨዋወቱ፣ ስመኝ ስትገባና ስትወጣ፣ እኔ በሬውን አጠናሁ። ዳልቻ ነው። ግንባሩ ላይ ያለችው ነጭ ቦቃ እንደ ግማሽ ጨረቃ ናት። ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ ይወርድና መልሶ ይነሣል፤ የቀኙ ጫፍ ተሰብሯል። ስሙ ሸጋው ይባላል። እውነትም ሸጋ ነው።

እንግዲህ የጭቃው ንጉሥ የሚቀመጥበት በሬ ሲያስፈልገኝ ሌላ በሬ ከየት ላምጣ? አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ሸጋውን ጻፍኩት። ስሙን ቀየርኩ፤ ስሙን ከቀየርኩ ማን ያውቀዋል ብዬ። ይህ የከተማ ሰው ስሕተት ነው። ፎገራ ላይ የሰው ፊት ሊረሳ ይችላል፤ በሬ አይረሳም። ገበሬው ጎረቤቱን ከሩቅ የሚለየው ፊት ፊቱ በሚሄደው በሬ ነው።

መጽሐፉ እንደ ወጣ ሽማግሌ ላክሁ፤ አጎቴ ፈንቴንና የንስሐ አባቴን። ጋሼ መኳንንት በክብር ተቀብለው እንደ ወጉ እናጣራለን አሉ። ዘሬን አጣሩ፤ ደህና ነው ተባለ። ጠባዬን አጣሩ፤ ዝምተኛ ነው ተባለ፤ እሱም ደህና። ሥራውስ ሲሉ፣ መጽሐፍ ጽፏል አሏቸው። እንግዲያው መጽሐፉ ይነበብ አሉ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ አንባቢዋ ስመኝ ሆነች። ለብቻዬም አልሰማውም፣ ልጄን የምሰጠው አገር እያወቀ ነው ብለው ደቦው ላይ እንዲነበብ አዘዙ።

ጊዜው የሩዝ አረም ነበር። የሩዝ አረም ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ የሚውሉበት ሥራ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። ሌላ ጊዜ በዘፈን ይገፋል። ያን ሰሞን በእኔ መጽሐፍ ተገፋ። ስመኝ ማሳው ጠርዝ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ተቀምጣ ታነባለች፤ ደቦው እያረመ ያዳምጣል። አጎቴ ፈንቴም ከደቦው ነበሩና ሁሉን በስልክ ይነግሩኛል። ልጅቷ ስትባረር የሰዉ እጅ ይፈጥናል፤ ጋሼ መኳንንት ይህን አይተው የሩጫውን ቦታ ደግመው አስነብበዋል። የጨለማውን ጫካ በዝርዝር የገለጽኩበት ላይ ሲደረስ ግን ሰው ሁሉ ቀና ቀና ብሎ ጠላ ጠየቀ። እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ አስተያየቶች ትክክለኛው ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ በሬው መጣ። አጎቴ እንደ ነገሩኝ፣ ስመኝ ቦቃዋ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ግራ ቀንዱ ላይ ስትደርስ ማሳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ እጅ አልነበረም።

«ይሄማ ሸጋው ነው» አለች አንዲት አራሚ።

ሁሉም ወደ ደረቁ መሬት ዞረው ሸጋውን አዩት። ሸጋው ጆሮውን ነቀነቀ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጋሼ መኳንንት ዞሩ። በሬው የእሳቸው ከሆነ በሬው ላይ የተቀመጠው ማን ሊሆን ነው? የልጆች ጥላ የሚቀማው፣ ዙፋኑ ጭቃ የሆነው?

ጋሼ መኳንንት፣ «አንብቢ» ብቻ አሉ።

በዚያው ሳምንት ቁሐር ሚካኤል ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ ሴት ልጅ ልውሰድ ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው አባቷን ጋኔን አደረጋቸው አለ። ሌላው ግማሽ፣ የጭቃም ቢሆን ንጉሥ ንጉሥ ነው፣ ማነው ከእኛ ውስጥ የነገሠ አለ። አንድ ጎረቤታቸው ደግሞ የራሳቸው በሬ ምን ቢጎድለው መጽሐፍ ውስጥ እንዳልገባ ጠይቀው ቅር ተሰኙ። ጋሼ መኳንንት ራሳቸው አንድም ነገር አልተናገሩም። ብቻ፣ አሉኝ አጎቴ፣ ደቦውን ሲያዙ ድምፃቸውን ወፈር ማድረግ ጀምረዋል። ይህን ስሰማ ትንሽ ተነፈስኩ።

የተነፈስኩት ለአንድ ቀን ነው። በማግስቱ አጎቴ ፈንቴ ስልኩን ትተው በአካል ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«በሬው ይሞታል?» አሉኝ።

የትኛው በሬ ማለቴ አልቀረም።

«የመጽሐፉ ነዋ።»

«ይሞታል» አልኳቸው።

ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «መቼ?»

«በሚቀጥለው ምዕራፍ።»

«እንግዲያው ሠርጉም አብሮ ሞተ በለኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ ለንጉሡ በሬ የተረገመ ሣር ታበላዋለች፤ በሬው በጉልበቱ ይወድቃል፤ ምዕራፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ትናንት የተነበበው እስከዚያ ነው። ዛሬ ጠዋት ሸጋው ሣር አልቀምስ አለ። አያመሰኳም። የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ቁሐር ሚካኤል፣ ለሁለት የተከፈለው፣ በዚህ ጉዳይ አንድ ሆነ፤ ልጁ የጻፈው ልብ ወለድ ሳይሆን ድግምት ነው። ጋሼ መኳንንትም ደራሲው ይምጣ ብለዋል።

እኔ በድንጋጤዬ ያልኩትን ስሙ። መጽሐፉ አንዴ ታትሟል፤ ሁለተኛ እትም ላይ ላስተካክለው እችላለሁ አልኩ። አጎቴ ከወንበሩ ተነሡ።

«በሬው ሁለተኛ እትም አይጠብቅም» አሉ።

ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰን፤ ከዚያ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ገባን። ጭቃው ጉልበቴን አለፈ። መጽሐፌ ላይ እስከ ቅልጥም ነው የሚለው። ሕይወቴ ሊበላሽ እየሄድኩ መንገዱን ሙሉ ያብከነከነኝ ይህ ነበር፤ በዱላው የለካሁት በደረቁ በኩል ኖሯል።

ስንደርስ ሸጋው ከቤቱ ጎን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ደቦው በሙሉ ከብቦታል። ከእኛ ትንሽ ቀድሞ የደረሰው ወጣት የእንስሳት ሐኪም እጅጌውን ሰብስቦ፣ በጠርሙስ ዘይት አጠጥቶት፣ የግራ ጎኑን ያሻል። የፊት እግሮቹን ከፍ ያለ መሬት ላይ አስቆሞታል። ሆዱ ውስጥ አየር ታፍኖበት ነው፣ ከወጣለት ይተርፋል አለ። ምን አገኘው ሲሉት፣ ለምለም ሣር አብዝቶ በልቶ ነው አለ። ሣር የሚለውን ሲሰማ ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሐኪሙ መልካም ሰው ነው፤ ምን እንዳደረገኝ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ጋሼ መኳንንት አልተቆጡኝም። ቁጣው ይሻለኝ ነበር። በርጩማ አስመጥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ፤ «በጽሑፍ በሬ ይታመማል ብዬ እኔ አላምንም። ሰዉ ግን አምኗል። እንዲህ እየተወራ ልጄን ብሰጥህ፣ ከነገ ጀምሮ ላም የነጠፈባት ሁሉ ስመኝ ደጅ ነው የምትመጣ። ይህን እሷ ላይ አልጭንም።» ከዚያ ወደ ስመኝ ዞሩ። «የቀረውን አንብቢው። ሁሉም ባለበት ይሰማና ይለይለት።»

ስመኝ መጽሐፉን ይዛ መጣች። መጨረሻውን እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ደቦው ሳይጀመር አንብባ ጨርሳዋለች። የጻፍኩት ይህ ነው፦ በሬው ወደ ጭቃው ሰመጠ፤ በመጨረሻ የታዩት ቀንዶቹ ነበሩ። ተማሪዎቹ በጣም የወደዱት ቦታ ነው። አንዷ ደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋው አይቻለሁ። እኔ እዚያ በርጩማ ላይ ሆኜ ያን ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ጽሑፍ አልነበረም።

ስመኝ ገለጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በሬውም በጉልበቱ እንደ ወደቀ ጥቂት ቆየ» ብላ አነበበች። «ከዚያ ግን ጭቃውን ረግጦ ተነሣ።»

እንዲህ የሚል መስመር መጽሐፉ ውስጥ የለም። ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ጣቷ መስመር እየተከተለ ይሄዳል። ዝናብ ዘነበ አለች። ዝናቡ የበሬውን ጀርባ አጠበው አለች። በሬው ንጉሡን ከላዩ አወረደና ልጅቷን አስቀመጣት፤ ከጨለማው ጫካ ይዟት ወጣ፤ አንዲት አሮጊት በር ከፍታ ለልጅቷ እንጀራ፣ ለበሬው ጭድ አቀረበች። እናቴ ይህን እትም ብታገኘው ምንኛ በወደደችው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰው ራሱን ከገደል ሲያወጡት አያያዛችሁ ልክ አይደለም ይላል? እኔ ግን በውስጤ መብከንከን ጀመርኩ። ዝናቡ ከውሃው በታች ባለ አገር ላይ ከየት ይዘንባል? አሮጊቷ ከየት መጣች? ምላሴን ነከስኩ። እሷ ቀጠለች። በሬው ልጅቷን ይዞ ከንጉሡ በር ደረሰ፤ በሩ ተዘግቷል፤ በሬውም በግራ ቀንዱ በሩን ገፍቶ...

«በቀኙ» አልኩ።

ከአፌ አመለጠኝ። የግራው ቀንድ ወደ ዓይኑ የወረደ ነው፤ በዚያ በር ቢገፋ ዓይኑ ይጠፋል። ይህን ከመናገሬ ግን ያደረግሁት ገባኝ። ሐኪሙ ማሸቱን አቆመ።

ስመኝ ቀና እንኳ አላለችም። «በቀኙ» አለች። «ይቅርታ፣ መስመር ዘልዬ ነው። በቀኝ ቀንዱ በሩን ገፍቶ ከፈተ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። በቃሉ ነው የሚያውቀው ተባባሉ። እስከዚያ ድረስ ስመኝ ከሆዷ ነው የምታነብ ብለው የጠረጠሩ ከነበሩ፣ ጥርጣሬያቸው እዚያ ላይ አለቀ፤ ያልተጻፈ ነገር ቢሆን ደራሲው እንዴት ያርማታል? አንድ ሽማግሌ የሸጋውን ቀኝ ቀንድ ትክ ብለው አይተው፣ ለካ ጫፉ የተሰበረው እዚያ ነው አሉ።

በዚህ መሐል ሸጋው አንገቱን ወደ ፊት ዘረጋ። ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ከዚያ ረጅም፣ ወፍራም፣ ማብቂያ የሌለው የሚመስል ግሳት ለቀቀ። ሽታው በርጩማዬ ድረስ መጣ። ከዚያ የሚጥም ሽታ አሽትቼ አላውቅም። ሁለተኛ አገሳ። ሦስተኛ። ጎኑ ዐይናችን እያየ ሟሸሸ፤ ቆየት ብሎም አገጩ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። አመሰኳ።

ሐኪሙ ዘይቱ ሠራ አለ። ሰዉ መጽሐፉ ሠራ አለ። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዘይቱ ነው አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። አንዲት ሴት ሐኪሙን፣ አንተ ልጅ መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ ብላ ስታፋጥጠው፣ ጀምሬው ነበር፣ መግቢያው ላይ ትንሽ ይንዛዛል አለ። የዚያን ቀን ግን ማንም ምንም ቢለኝ አይከፋኝም ነበር።

ስንሰነባበት ጋሼ መኳንንት እስከ ውሃው ዳር ሸኙኝ። አጎቴ ፈንቴ ፊት ፊት ሄደዋል። እሳቸው ዱላቸውን ጭቃው ላይ ተክለው ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ።

«ሌላ ቀን ስታነብ» አሉኝ፣ «ጣቷን ምራቅ እያስነካች ቅጠሉን ትገለብጥ ነበር። ዛሬ ያን ሁሉ ስታነብ አንድ ቅጠል አልገለበጠችም።»

ወደ ቤቱ ዞር ብዬ አየሁ።

«ይሞታል አይደል?» አሉ።

«ይሞታል» አልኳቸው።

«ደህና አድርጎ ነው የሚሞት?»

«ተማሪዎቹ ወደውታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስመኝ እናቷን ስትዋሽ አውቃለሁ» አሉ። «እኔን ዋሽታኝ አታውቅም። ዛሬ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ዋሸችኝ። ለሸጋው ብላ እንዳይመስልህ።»

መሬት ላይ ዐይኔን ተከልኩ። እሳቸው ዱላቸውን ከጭቃው ነቀሉ።

«እሑድ አጎትህና የንስሐ አባትህ ይምጡ» አሉ። «ረፈድ ሲል ይነሡ። ጠዋት ጠዋት በዚህ በኩል ለሽማግሌ አይመችም፤ እንዳይወድቁብኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ጭቃው ውስጥ ገባሁ። እንዴት እንዳቋረጥኩት አላውቅም። የማውቀው አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ባጃጅ ሳልሳፈር ብዙ መንገድ በባዶ እግሬ መሄዴን ነው። አንድ ሾፌር አጠገቤ ቀስ ብሎ፣ ወንድም ጫማው ልክህ አይደለም እንዴ ሲለኝ ነው በእጄ ይዤው እየሄድኩ መሆኑን ያየሁት።